ፍርዱ የውሻዋ ነው

ቨርሊን ሆፍስታድ ሌባ ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሚስቴ ሰማችኝና «ስለ ጎረቤት እንዲህ አይወራም!» ብላ ተቆጣችኝ። እሺ፣ ሌባ አይደለም። እርሻዬና እርሻው በአንድ የሽቦ አጥር ይዋሰናሉ። ትራክተሬ በተበላሸ ቁጥር መፍቻውን ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። እናቴ ስትሞት ሳጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ነገር ግን ከጉርምስናችን ጀምሮ በየመኸሩ የኔን ፌዛንት እየወሰደ ሲበላ ኖሯል፤ ይህንን ደግሞ እግዜርም፣ ሚስቱ ማርሊስም፣ የደብራችን ቄስም ያውቃሉ።

ወፉን ለማያውቅ ልንገር። አውራው ፌዛንት ከቆቅ ገዘፍ ያለ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያጠለቀ፣ ጭራውን እንደ ሙሽራ ቬሎ የሚጎትት ቄንጠኛ ነው። ሴቷ ግን አፈር መሳይ ናት፤ እግርህ ሥር ብትተኛ እንኳ አታያትም። የግዛታችን የዳኮታ ሕግ አውራውን ተኩስ፣ ሴቷን አትንካ ይላል። አደኑ በሚከፈትበት ቀን ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስበን በበቆሎው ውስጥ በአንድ መስመር ተዘርግተን እንሄዳለን። ወፎቹ ፊት ፊታችን ይሮጡና ማሳው ሲያልቅባቸው ቱር ብለው ይነሳሉ። ቀድሞ ያየ «አውራ!» ወይም «ሴቴ!» እያለ ይጮሃል። «ሴቴ!» ከተባለ በኋላ ምላጭ የነካ ወዮለት።

ችግሩ ያለው ሁለት ሰው በአንድ ወፍ ላይ እኩል ሲተኩስ ነው። የማን ነው? ሌላ አገር በዚህ ይጣላሉ። ቨርሊን ግን ገና ጢሙ ሳያብብ ሕግ አወጣልን፤ «ፍርዱ የውሻው ነው። ውሻው አምጥቶ ለሰጠው ሰው ነው» አለ። እኛ ቂሎቹም ፍትሕ መስሎን ተስማማን። ውሻው የማን ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ውሻው የቨርሊን ነው! እርፍ!

እኔ በበኩሌ ዳኛውን በጉቦ ለመያዝ ሞክሬያለሁ። ያኔ የነበረችው ውሻው ኩዊኒ ትባል ነበር። ሰደርያዬ ውስጥ አንድ ሙሉ ቋሊማ ደብቄ ወጣሁ። ወፌን ጣልኩ፤ ቨርሊንም ተኮሰ፤ ኩዊኒ ወፉን አፏ ውስጥ ይዛ ስትመጣ ቋሊማውን አሳየኋት። ወፉን መሬት አስቀመጠች፣ ቋሊማዬን በላች፣ ጣቴን ሳይቀር ላሰች፣ ከዚያ ወፉን አንስታ ወደ ቨርሊን ሄደች። ቆሽቴ አረረ። እሱ ሆዬ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ማርሊስንም ያገኛት በዚሁ ሕግ ነው። የቄሱ የእህት ልጅ ነበረች፤ ለእንግድነት መጥታ ከእኛ ጋር አደን ወጣች። አንድ አውራ በንጹሕ ተኩስ ጣለች። ቨርሊንም ወዲያው ተኮሰ፤ ወደ ደመናው ነው የተኮሰው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሬክስ የሚባለው ውሻው ወፉን አምጥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠለት።

«ያ የኔ ነው» አለች ማርሊስ።

«ሬክስ እንደዚያ አላለም» አለ ቨርሊን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

በነጋታው ወፉን ልታስመልስ ቤቱ ድረስ ሄደች። ወፉ በቅቤ ተጠብሶ ጠበቃት። ሙግቱን እየበሉ ቀጠሉ። ይኸው ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ድረውም ሙግቱ አላለቀም። ማርሊስ ዛሬም ስትናደድበት «ወፌን መልስ!» ትለዋለች።

ሌላም ሕግ አለው። ሴቴ የገደለ ሰው በእራት ሰዓት የቨርሊን እናት ትታጠቀው የነበረውን ጽጌረዳ ያበበበት ሽርጥ ይታጠቃል፣ ሁሉንም ያስተናግዳል፣ ሰሃን ያጥባል። በሚቀጥለው መኸር ደግሞ ጠመንጃ የለም፤ ዱላ ይዞ በቆሎውን እየደበደበ በእግሩ ይሄዳል። ቄሱ ታጥቀውታል። የቨርሊን አማች ቶድ ሙሽራ ሆኖ በመጣበት ዓመት ታጥቆታል፤ ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። እኔም ታጥቄዋለሁ፤ እሱን ተዉት። ቨርሊን ብቻ ታጥቆት አያውቅም፤ ይህንን ደግሞ በየሰርጉና በየለቅሶው ያወራል።

ካቻምና ነገር መጣ። አንድ አውራ ዝቅ ብሎ ወደ ማሳው ጫፍ በረረ። የቨርሊን ዓይን ደክሟል፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። ወፉን ተከትሎ ተኮሰና ፍንጣሪው የኔን ፒካፕ በር ወጋው። ፒካፑ ውስጥ ሽማግሌው ኦርቪል ተቀምጦ ነበር። ሾርባው ጭኑ ላይ ከመፍሰሱ በስተቀር ምንም አልሆነም፤ ቨርሊን ግን ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። በሩ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣቱ ሲዳብስ ቆየና ጠመንጃውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፤ ያን ቀን ዳግም አላወጣውም።

ስለ ኦርቪል ትንሽ ልበል። የድሮ የአደን ጓዳችን ነው፤ መራመድ ካቆመ ወዲህ ፒካፕ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ይቀመጣል። ያለፈ ሁሉ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ «ኦርቪል፣ ደህና ነህ አይደል?» ይለዋል፤ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ቨርሊን ይህንን ሲያይ አንገቱን ያዞራል። አንድ ጊዜ «ጌሎርድ፣ እኔን እንደዚያ መታ መታ የሚያደርገኝን ሰው እነክሰዋለሁ» ብሎኛል። ጌሎርድ እኔ ነኝ።

አምና የአደኑ ዋዜማ የቨርሊን ልጅ ጃኔል፣ የቶድ ሚስት፣ ማዕድ ቤት ውስጥ አፈጠጠችበት። ጃኔል የሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ናት፤ ሹክ ስትል እንኳ ከብቶቹ ይደነግጣሉ።

«አባዬ፣ ስማኝ። ነገ ሴቴ ከገደልክ ጠመንጃውን ታስረክበኛለህ። ከዚያ ከኦርቪል ጎን ፒካፕ ውስጥ ነው ቦታህ።»

«ኦርቪል ያንኮራፋል» አለ ቨርሊን።

«ብርድ ልብስ አመጣልሃለሁ።»

«ብርድ ልብስሽን ለቶድ አልብሺው።»

«ቀልድ አይደለም! ሴቴና አውራ መለየት ካልቻልክ ሰው መለየት አትችልም። እሺ በለኝ።»

ማርሊስን አየ። ማርሊስ አይብ በቢላ እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። እኔን አየ። እኔ የፒካፔን በር አሰብኩና ጣራ ጣራ አየሁ።

«እሺ» አለ። «ዕድሜ ልኬን ሴቴ ገድዬ አላውቅም፤ ነገ አልጀምርም።» ድምፁ ግን ሰለለብኝ። አንጀቴን በላኝ፣ አልዋሽም።

በነጋታው ሁላችንም ብርቱካንማ ቆባችንን አድርገን ወጣን። ቶድና ኦርቪል ከፒካፑ ጋር ማሳው ጫፍ ላይ ሆኑ፤ እኔ፣ ቨርሊን፣ ጃኔልና ሌሎች ዘመዶች በበቆሎው ውስጥ ተሰለፍን። ከፊታችን ዶቲ ነበረች፣ ያሁኗ ጥቁር ላብራዶር ውሻው። አገጯ ሸብቷል፣ ዳሌዋ ያማታል፤ በቆሎ ውስጥ ስትገባ ግን ቡችላ ናት።

ብዙም ሳንሄድ ከእግሬ ሥር አውራ ተነሳ። «አውራ!» አልኩና ተኮስኩ። ወፉ ተገለባብጦ ወደቀ። ቨርሊን ከጎኔ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ እንደደገነ «አገኘሁት!» አለ።

«ምን አገኘህ? እኔ ነኝ የጣልኩት!»

«እኩል ተኩሰናል። ጆሮህ ደንቁሯል እንዴ?»

ነፋሱ በቆሎውን ያንኳኳል፣ የኔ ተኩስ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፤ ምን ብዬ ልከራከር? ዶቲ ወፉን ይዛ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ወፉን ለቨርሊን ሰጠችና ከሰደርያው ኪስ አንድ ነገር ጉርስ አደረገች።

«ፍርዱ የውሻዋ ነው» አለ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ።

ሁለተኛውም እንዲሁ ሄደ። «አገኘሁት!» አለ፤ ዶቲ ሰጠችው፤ ጎረሰች። የወፎቼን ጭራዎች ከጀርባ ኪሱ አውጥቶ እያወዛወዘ ከፊቴ መራመድ ጀመረ። ጃኔል ሳታስበው ፈገግ አለች። አባቷ ዓይኑ የተሻለው መሰላት መሰለኝ።

የመጨረሻው ማሳ በፊላ ወደተሸፈነው ረግረግ የሚወርደው ነው። እዚያ ስንደርስ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊታችን ቆማ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚነሳ ወፍ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ደህና ዓይን ያለው እንኳ ይደናገራል። ከፊላው ውስጥ አንድ ወፍ ቱር ብሎ ተነሳ። «አውራ!» ያለ የለም፤ «ሴቴ!» ያለ የለም። ከጃኔል በኩል ተኩስ ጮኸ። ወፉ ወደቀ።

«አገኘሁት!» አለ ቨርሊን።

የአፉ ልምድ ነው። ጠመንጃውን ደግኗል፣ ደረቱ ተነፍቷል፣ ፊቱ ላይ ያው የሌብነት ደስታ አለ። ዶቲ ፊላው ውስጥ ገባች። ስትንቦጫረቅ ሰማናት። ወጣች፣ ውሃውን አራገፈች፣ ተሰልፈን በቆምንበት ፊት ቀጥ ብላ ወደ ጌታዋ ሄደች፤ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

ቡናማ። አጭር ጭራ። ቀለበት የለ፣ ምን የለ። ሴቴ!

 ከዚያ ጉድ ፈላ። ከማሳው ጫፍ ቶድ እየሮጠ መጣና ወፏን ሲያይ ጉልበቱን ይዞ ቁጢጥ አለ። «ሽርጡን አምጡ!» አለ። «ሽርጡን! ኧረ ፎቶ አንሺ ጥሩ!» ዘመዱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ስንት ዘመን የጠበቅሁት ቀን ነው!

ቨርሊን ወፏን አገላብጦ አያት። ላባዋን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ነው ያያት። ከዚያ «ውሻዋ ፈረደች» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ጃኔል አልሳቀችም። «ጠመንጃውን ስጠኝ፣ አባዬ» አለችና ተቀብላው ወደ ፒካፑ ሄደች፤ እሱም ተከተላት። ኦርቪል ውስጥ ያንኮራፋል፤ እኔ ቀድሜ ከመኪናው ወዲያ ቁጭ ብዬ ጫማዬ ውስጥ የገባውን ጭቃ እያራገፍኩ ስለነበር አላዩኝም።

ጠመንጃ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ጥይቱ ይወጣል። ጃኔል ከፈተችው። ጥይት አልወጣም። ውስጡን አየች፣ ጣቷን ከተተች፣ አፈሙዙን አሸተተች።

«ባዶ ነው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ሹክ ስትል ሰማኋት። «ሽታም የለው። ዛሬ አልተኮስክም።»



«ኪስህን አሳየኝ።» ኪሱ ውስጥ እጇን ሰደደች። ጥይት የለም። የተከተፈ አይብ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከኦርቪል ሾርባ ወዲህ» አለ ቨርሊን። «አላይም፣ ልጄ። ሲነሱ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ ከዚያ ጥላ ነው። ባዶውን ይዤ ነው የምዞረው።»

እኔ ከመኪናው ወዲያ ክው አልኩ። ከዚያ ገባኝ፤ ሁለቱ አውራዎች! ሁለቱም የኔ ነበሩ! አንድም ጥይት ሳይተኩስ አፉን ብቻ ከፍቶ ዘረፈኝ! ልነሳና ልጮህበት ምንም አልቀረኝም።

«እንግዲያ ሴቴዋን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች ጃኔል። «ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር። አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ቁሚ!» አለ። «ዛሬ ዶቲ ዋሸች ካልሽ ኩዊኒም ሬክስም ዋሽተዋል ማለት ነው። ጌሎርድ የስንት ዘመን ወፍ አምጣ ይለኛል። እናትሽማ ምን እንደምትለኝ አስቢው።»

«አባዬ፣ ይስቁብሃል እኮ።»

«ይሳቁብኝ! ሴቴ የገደለ ይሳቅበታል። ማየት ያቃተውን ግን ትከሻውን መታ መታ ነው የሚያደርጉት። አልፈልግም። ይሳቁብኝ፣ አይዘኑልኝ።» ቀጠለና፣ «ፒካፑ ውስጥ ብቻ አታስቀምጪኝ» አለ። ቨርሊን ማንንም ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ጫማዬን ጨብጬ አፈር አፈር አየሁ።

ጃኔል አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ጠመንጃውን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና ወደ ዘመዶቿ ዞራ በዚያ በኳስ ሜዳ ድምፅ ጮኸች።

«ስሙ ሁላችሁ! ቨርሊን ሆፍስታድ ሴቴ ገድሏል! ቅጣቱ ሙሉ ነው፤ ምሕረት የለም! ዛሬ ሽርጥ፣ በሚቀጥለው መኸር ዱላ! ፒካፕ ውስጥ መቀመጥ፣ ብርድ ልብስ፣ ሾርባ የሚባል ነገር የለም። ከመጀመሪያው በቆሎ እስከ መጨረሻው ፊላ በእግሩ ይሄዳል!»

«ጨካኝ!» አለ ቶድ በደስታ። «ሽማግሌ ነው እኮ!»

«ሕጉን ያወጣው እሱ ነው» አለች።

ቨርሊን አቀርቅሮ ነበር፤ ለሰው ሁሉ ያፈረ መሰለ። እኔ ግን ከጎን አየሁት። ይስቅ ነበር፣ ያ ሌባ፤ ዓይኑም እርጥብ ነበር።

በእራት ሰዓት ጽጌረዳውን ሽርጥ ታጥቆ በክሬም የበሰለውን ፌዛንት አዞረ፣ ድንች ጨለፈ፣ ቶድ ላይ ወጥ አንጠበጠበ፣ ይቅርታ አልጠየቀም። ፎቶግራፉ ማቀዝቀዣው በር ላይ ከቶድ ጎን ተለጠፈ። ሽርጡን ከኋላ ያሰረችለት ማርሊስ ነበረች። ስታስር ጀርባውን በቡጢ ነካ አድርጋ፣ «ለዶቲ አይብ ስከትፍልህ ከረምኩ፤ ጥይት ግን ስትገዛ አላየሁህም» አለችው። 

ዘንድሮ ዱላውን ይዞ ወጣ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ጃኔል አትናገርም፣ ማርሊስ አትናገርም፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ብቻ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር እንደሸተተው ያስታውቃል። ቨርሊን ሲደናቀፍ የሚስቅ ጠፋ። ቶድ እንኳ «ቀስ ይበሉ» ማለት ጀመረ። ቨርሊን ይህንን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ዱላውን በቆሎው ላይ ያለ ልክ ያሳርፈው ጀመር።

ከፊቴ አውራ ተነሳ። ተኮስኩ፤ ወደቀ። ሌላ የተኮሰ የለም፤ ነፋስም አልነበረም፣ መስመሩ በሙሉ አይቷል። ዶቲ ወፉን አነሳች፣ ዳሌዋን እየጎተተች አለፈችኝና ለቨርሊን ሰጠችው። ቨርሊን ዱላውን ወደ ሰማይ ደገነ።

«አገኘሁት!» አለ።

የሚስቅም የሚከራከርም ጠፋ። ያ የኦርቪል መስኮት ጋ የማውቀው ሐዘኔታ ነው። ጃኔል መሬት መሬት አየች። ቶድ የቨርሊንን ትከሻ መታ መታ ሊያደርግ እጁን ሲያነሳ አየሁት።

«ምን አገኘህ፣ አንተ ሌባ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። «በዱላ ነው የተኮስከው? የኔ ወፍ ነው! አምናም ሁለት ሰርቀኸኛል! መልስ ወፌን!»

ቨርሊን ወደ ድምፄ ዞረ። ቀስ እያለ ያ የድሮ ፈገግታው ፊቱን ሞላው።

«ጌሎርድ፣ አታልቅስ» አለኝ። «ፍርዱ የውሻዋ ነው።»

ወፉን ኪሱ ከተተና ለዶቲ አይብ አጎረሳት፤ እኔም እስከ ፊላው ድረስ ከኋላው እየተከተልኩ ስሰድበው ዋልኩ።